ጨዋታ ነው የተባለ ቋንቋ

ጋሽ ሀብቴ መሞታቸውን የሰማሁት ከባለቤታቸው ከእትዬ ጥሩነሽ ነው። ናዝሬት ተዛውሬ በምሠራበት ሆስፒታል በረንዳ ላይ፣ ዓይናቸውን ሊታዩ ከአሰላ መጥተው ተራ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል። ጉንጬን ስመው ሳይጨርሱ፣ «ጋሽ ሀብቴሽ እኮ አረፉ፣ ሲስተር» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምን አገኛቸው ብዬ ጠየቅኩ።

«ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። እኔ አብሬ የኖርኩት ግን አውቃለሁ። አንደበታቸው ነው። ሰው አንደበቱ ቀድሞ ሲሞት ሌላው አካሉ ብዙ አይቆይም።»

ተራቸው ደርሶ ሲጠሩ ደግፌ አስገባኋቸው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ መርፌ ስወጋም ሙቀት ስለካም ጋሽ ሀብቴ ከፊቴ አልጠፉም። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው አውቄአለሁ፤ ብዙም ሲሞት አይቻለሁ። እንደ እሳቸው ውስጤ የቀረ ግን የለም።

አሰላ የተመደብኩት ገና ከነርስ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ፣ ንጉሡ ወርደው ደርግ በገባ ሰሞን ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበርና ከተማዋን መጀመሪያ ያወቅኋት በጭቃዋና በብርዷ ነው። የጭላሎ ተራራ ለሳምንታት ከደመና ውስጥ ብቅ አላለም። ጋሽ ሀብቴ የሆስፒታሉ ነባር ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል የሚያጥቡትም ፋሻ የሚለውጡትም እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ጠይም፣ ትከሻቸው የሰፋ ሰው ናቸው። ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጋሉ፤ ቁስል ላይ የደረቀ ፋሻ ሲያነሱ ደግሞ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አድርገው፣ የሚያዳምጡ ይመስላሉ።

የሚመጣልን በሽተኛ ፈረስ የረገጠው፣ መጥረቢያ ያገኘው፣ እሳት የበላው የገጠር ሰው ነው። አንድ ቀን ከጢቾ የመጣ ገበሬ ካርድ ሲያወጣ ጥሩ አማርኛ ተናግሮ እኛ ዘንድ ገባ። ጋሽ ሀብቴ ፋሻውን ሊያነሱ ሲሉ ወደ ኦሮምኛ ዞሩ። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ በኦሮምኛ ጮኸ፤ እሳቸውም በኦሮምኛ አባበሉት፤ ተነሣለት። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው፣ «ሰው ብዙ ቋንቋ ይማራል፤ የሚያመው ግን በአንዱ ብቻ ነው» አሉኝ።

እሳቸውን ራሳቸውን የሚያማቸው በየትኛው እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቼ ነው። እግራቸው በቁስል ያበጠ አሮጊት ከዝዋይ ሐይቅ ወገን በሰው ትከሻ መጡ። አሮጊቷ አጉረመረሙ። ጋሽ ሀብቴ የያዙትን ትሪ አስቀመጡና ወለሉ ላይ ተንበርክከው መለሱላቸው። ኦሮምኛ አልነበረም። አማርኛም አልነበረም፤ ግን ጆሮዬ አንዳንዱን ቃል የማውቀው እየመሰለው ይከተለውና ሲደርስበት ሌላ ይሆንበታል። በመንገድ ላይ ዘመድ መስሎሽ እጅሽን አንሥተሽ፣ ሲቀርብ የማታውቂው ሰው እንደሚሆን። አሮጊቷ የጋሽ ሀብቴን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው አለቀሱ።

እጃቸውን ሲታጠቡ ጠብቄ ጠየቅኋቸው።

«ምን ቋንቋ ነው ጋሽ ሀብቴ?»

«የቤቴ።»

«ጉራጊኛ ነው?»

«ዘመዱ ነው። ዛይኛ ይባላል። ሰምተሽ አታውቂም?»

አላውቅም ነበር።

«አይፈረድብሽም» አሉ እጃቸውን እያደረቁ። «እንዳይሰማ ተደርጎ የቆየ ነው።»

ከዚያ በሥራ መሐል፣ ጥጥ እየጠቀለልን፣ በቁራጭ በቁራጭ ነገሩኝ። የተወለዱት ሐይቁ ውስጥ ካሉት ደሴቶች በትልቁ ላይ ነው። ኦሮሞዎቹ ቱሉ ጉዶ ይሉታል፤ እነሱ ደብረ ጽዮን ይሉታል። አባቶቻቸው በጦርነት ዘመን ታቦታቸውንና የብራና መጻሕፍታቸውን ይዘው ወደ ውሃው ገቡ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ዓሣ እያጠመዱ፣ ጥጥ እየፈተሉ፣ ሸማ እየሠሩ ኖሩ። ወደ ዳር የሚወጡት ለገበያ ነው። ገበያ ላይ ከአርሲው ጋር በኦሮምኛ፣ ከነጋዴው ጋር በአማርኛ ይገበያያሉ፤ የየብሱ ሰው የሚያውቃቸው «ላቂ» በሚል ስም ብቻ ነው፤ ቀዛፊ እንደማለት። ታንኳ ውስጥ ሲመለሱ ነው ወደ ራሳቸው ቋንቋ የሚገቡት። «ስንትና ስንት ንጉሥ አለፈ» ይሉ ነበር፣ «ማንም እንድንተወው አዝዞን አያውቅም፤ መኖሩን መች አውቆ!»

ቤት የተከራየሁት ከእነሱ ግቢ ጎን ነበር። የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ነው፤ የቤታቸውም ግድግዳ ጭቃ ስለሆነ ድምፅ አይዝም። እትዬ ጥሩነሽ አያቶቻቸው ከመንዝ መጥተው አርሲ የሰፈሩ፣ አሰላ ተወልደው ያደጉ ሴት ናቸው። ሲያገቡ አንዲት የዛይኛ ቃል አያውቁም ነበር። «ባል ሳገባ ቋንቋም ተከትሎ መጣ፤ ወዴት ልመልሰው?» እያሉ ይስቃሉ። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ታላቋ አልማዝ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ ታናሿ ጽጌ ገና ፊደል ቆጣሪ ናት።

የቤቱ ሕግ አንድ ነበር። «ከደጃፉ ወዲያ ያሻችሁን ተናገሩ። ከደጃፉ ወዲህ የእናቴ ቋንቋ ነው።» በሌላ ቋንቋ ያናገራቸውን ልጅ አይቆጡም፣ አይመቱም፤ አይሰሙም እንጂ።

ይህንን በዓይኔ ያየሁት ለእንቁጣጣሽ ምሳ ጠርተውኝ ነው። ጽጌ በአማርኛ፣ «አባባ፣ ዳቦ ጨምርልኝ» አለች። ጋሽ ሀብቴ መብላታቸውን ቀጠሉ። ደግማ ጠየቀች። ዓይኗ እንባ ሞላ። እትዬ ጥሩነሽ ቃሉን በጆሮዋ ሊያቀብሏት ሲሉ ጋሽ ሀብቴ እጃቸውን አንሥተው ከለከሉ። የአልማዝ ፊት ደም መሰለ፤ ሆን ብላ በአማርኛ፣ «ልጅ ናት እኮ! እንግዳ ፊት እንኳ?» አለች። እሷንም አልሰሙም። በመጨረሻ ጽጌ እየተነፋረቀች ቃሉን አገኘችው። ያን ጊዜ ፊታቸው በራ፤ ከፊታቸው ያለውን ዳቦ እንዳለ አንሥተው ሰጧት፤ ጭንቅላቷንም ሳሙት። እሷ ግን አልበላችውም። እኔም የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ አልቻልኩም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሽ ሀብቴ፣ ልጅ በዳቦ አይቀጣም» አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ከዚያ ስለ እናታቸው ነገሩኝ።

ታላቅ ወንድማቸው መቂ ወርዶ፣ እዚያ አግብቶ፣ እዚያ ወለደ። ለልጆቹ ቋንቋውን አላስተማረም፤ ዓሣ በል እያሉ እንዳይስቁባቸው ብሎ። እናትዬው ሲደክሙ ከደሴቱ አምጥቶ ቤቱ አስተኛቸው። ከዚያ ለሥራ ወደ ሩቅ ሄደ፤ ሚስትየውም ቀኑን ገበያ ነው የምትውለው። አሮጊቷን የሚያስታምሙት የልጅ ልጆቻቸው ሆኑ። ጥሩ ልጆች ነበሩ አሉ ጋሽ ሀብቴ፤ አያታቸውን የሚወዱ።

«ተልኮብኝ ስደርስ አልጋዋ ዙሪያ ጣሳና ብርጭቆ ተደርድሯል። ሁሉም ውሃ ሞልቷል። ልጆቹ እያለቀሱ፣ ‹ቀንና ሌሊት ትለምነናለች፤ ውሃ ስንሰጣት ግን አትጠጣም› አሉኝ። ጠጋ ብዬ ሰማኋት። ‹አዙሩኝ› ነው የምትለው። በአንድ ጎኗ ተኝታ ጎኗ ቆስሎ ነበር፤ ‹አዙሩኝ፣ አዙሩኝ›። ገለበጥኳት። አጥንቷ ይታያል። ያንን ቁስል ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ሲስተር። ብዙ ቁስል አጥቤአለሁ። ያንን ግን...»

አልጨረሱትም። ጥጡን እየጠቀለሉ፣ «የእኔ ልጆች አንድ ቀን ዳቦ ቢያልፋቸው ይሻላል» አሉ።

አልተስማማሁም፤ ግን ሁለተኛ ስለዚህ አንሥቼባቸው አላውቅም።

የሶማሌ ጦርነት ሲመጣ አሰላ ተለወጠች። በዋናው መንገድ ሚሊሻ የጫነ መኪና እየዘፈነ ያልፋል፤ ሆስፒታሉ ቁስለኛ ይሞላል። ቀበሌው በየሳምንቱ እየሰበሰበ ስለ ሰርጎ ገብ ያስጠነቅቀናል። ባዕድ ፊት ያየ ይጠቁም፣ ባዕድ ቋንቋ የሰማ ይጠቁም ተባለ። ያን ቀን ከስብሰባው ስንወጣ እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀርበው ነበር። «ሲስተር፣ እስቲ ንገሪያቸው፤ አንቺን ይሰማሉ። ለጥቂት ጊዜ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ያድርጉ» አሉኝ። ነገርኳቸው። «በገዛ ቤቴ?» ብለው ሳቁብኝ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው መጡ። ከጎረቤት አንዱ፣ እነ ሀብቴ ቤት ሶማልኛ ይነገራል ብሎ ጠቁሟል። አልማዝ ደጃፉ ላይ ነበረች። ደንግጣ፣ እንደለመደችው፣ አባቷን በዛይኛ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። «ይኸው! ምን አለችህ?» ብሎ አንዱ ጮኸ። አባትና ልጅ አብረው ተወሰዱ።

እትዬ ጥሩነሽ ስንቅ እያመላለሱ ከረሙ። የሚመለሰው ሳህን አንዳንዴ ባዶ፣ አንዳንዴ እንዳለ ነው። ስለ እሱ ብዙ አልናገርም። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ለስብሰባ ተጠራ። የቀበሌው አዳራሽ የቀድሞ ባለርስት የእህል መጋዘን ነበር፤ ስንዴ ስንዴ ይሸታል። ጋሽ ሀብቴን ሁለት ሰዎች ደግፈው አስገቧቸው፤ እግራቸውን መርገጥ አይችሉም። አልማዝን ከሌላ በር አመጧት።

ሊቀመንበሩ ጅጅጋ የኖረ የጭነት መኪና ሾፌር አስጠርቶ ነበር። ሶማልኛ አሳምሮ ይችላል።

«ተናገር» አላቸው ሊቀመንበሩ ጋሽ ሀብቴን። «ቤትህ የምትናገረውን እዚህ ተናገር።»

ጋሽ ሀብቴ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተናገሩ። ምን እንዳሉ ቃሉን አላውቅም፤ ድምፁን ግን አወቅኩት። ከሐይቁ ለመጡት አሮጊት ተንበርክከው የተናገሩት ድምፅ ነው። በሽተኛ የሚያባብሉበት። አልማዝ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ሶማልኛ አይደለም ጓድ» አለ ሾፌሩ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ። ሰምቼው አላውቅም።»

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና፣ «የማይታወቅ ከሆነማ ይብሳል» አለ።

«ዛይኛ ነው» አሉ ጋሽ ሀብቴ። «የሐይቁ ሰዎች ቋንቋ ነው።»

«ላቂዎቹ?» አለ ሊቀመንበሩ። «እኔ ከላቂ ዓሣ ስገዛ ነው ያደግሁት! በኦሮምኛ ነው የሚያናግሩኝ። ጓዶች፣ ላቂ የራሱ ቋንቋ ሲናገር የሰማ አለ? አለ ወይ?»

እጄን አወጣሁ። ሆስፒታል ውስጥ አንዲት አሮጊት ስትናገረው ሰምቻለሁ አልኩ።

«ምን አለች?»

«ትርጉሙን አላውቅም፤ ግን...»

«ጓድ ነርስ፣ ያልገባሽን አትመስክሪ። ቁጭ በይ።»

ያን ጊዜ ነው አልማዝ የተነሣችው። ድምጿ ጎላ ብሎ ወጣ።

«ቋንቋ አይደለም! ጨዋታ ነው። ትንሽ ሳለሁ እኔና አባቴ የፈጠርነው ነው። ቃል እያጣመምን... ልጆች እንደሚጫወቱት። ምንም ትርጉም የለውም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላውም። ሊቀመንበሩም ፈገግ አለ፤ ለእሱም ነገሩ ሰልችቶት ይሆናል።

«እውነቷን ነው? ልጅህ ከዋሸች መመለሻ የላትም። ቋንቋ ነው ወይስ ጨዋታ?»

ጋሽ ሀብቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ ሰው ሁሉ መሐል የጠበቅሁት ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ቋንቋ ነው ቢሉ ልጅቱ እዚያው ትቀራለች። ያንን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ጨዋታ ነው» አሉ።

«ጮክ በል።»

«ጨዋታ ነው። ቋንቋ አይደለም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ሽማግሌ ሆኖ ከልጅ ጋር ሲጫወት!» እያለ አጠገቤ ያለው ሰው ጉልበቱን ይመታል። አባትና ልጅ ሁለተኛ እንዳይጫወቱ ተመክረው ተለቀቁ፤ «ኢትዮጵያ ትቅደም!» ብለን እጃችንን አንሥተን ተበተንን።

በማግስቱ የቆሰለውን ውስጥ እግራቸውን እኔ አጠብኩላቸው፤ እሳቸው ቁስል ሲያጥቡ በሚቀመጡበት ወንበር ሳይሆን በሽተኛው በሚተኛበት አልጋ ላይ ሆነው። ፋሻው ከቁስሉ ተጣብቋል። ሳነሣው ቀስ አልኩ፤ ይጩኹ፣ ይቅለልዎ አልኳቸው። ጣሪያውን ያያሉ። በየትኛውም ቋንቋ አልጮሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጥሩ ማዶ አማርኛ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ፍርሃት ነው፣ ያልፋል ብለን ነበር። ጦርነቱ አለፈ፤ የጠቆመውም ጎረቤት ከተማውን ለቆ ሄደ። እሳቸው አልተመለሱም። ልጆቻቸውን በአማርኛ ያናግራሉ፤ ትክክለኛ፣ ጨዋ፣ እንግዳ የሚያስተናግዱበት አማርኛ። ጽጌ ዳቦ ስትጠይቅ ወዲያው ይሰጧታል። እትዬ ጥሩነሽ አንዳንዴ ረስተው በዛይኛ ሲጀምሩ ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ያ ሁሉ ዓመት በትጋት የተማሩት ቋንቋ የሚናገሩበት ሰው አጣ። «ከመንዜ አያቶቼ ጋር ልናገረው?» አሉኝ አንድ ቀን፤ ያን ዕለት አልሳቁም።

ይበልጥ የተጎዳችው አልማዝ ናት። አጥሩን ተደግፋ፣ «ሲስተር፣ አባባ እንደ እንግዳ ያናግረኛል» ትለኛለች። «ያልኩት እሱን ለማውጣት ነው። ያውቃል እኮ። ታዲያ ለምን ይቀጣኛል?»

«አልቀጡሽም፤ የሚያፍሩት በራሳቸው ነው» አልኳት። እውነት መሆኑን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

አንድ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ እንዲህ ስትላቸው በጆሮዬ ሰማሁ፤ «አባባ፣ አንዴ ብቻ። ስሜን እንኳ በዚያ ጠርተህ አንድ ነገር በለኝ።» ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ይሰማል። ከዚያ በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ትምህርት ቤት እንዳይረፍድብሽ» አሉ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ሐይቁ ዳር ተላከች። አስተማሪ ሆና ነው የሄደችው፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በኦሮምኛና በአማርኛ ነው። ዛይኛ በመማሪያዎቹ ቋንቋዎች መሐል አልነበረም። ቀን ሀ ሁ ታስቆጥራለች፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ደግሞ ከአሮጊቶቹ ጋር ተቀምጣ የጎደላትን ቃል ትለቅማለች። ዘመቻው አለቀ፣ ሌሎቹ ተመለሱ፤ እሷ ቀረች። የደሴቱን ልጅ አገባች። ጋሽ ሀብቴ ሲሰሙ፣ «መልካም፣ መልካም» ብቻ አሉ፤ ለሠርጉም አልሄዱም። እግሬ አይችልም አሉ።

ከዓመታት በኋላ፣ የአብዮቱ በዓል ሲደርስ፣ ያው ሊቀመንበር ሆስፒታል ድረስ መጣ። አሁን ጊዜው የብሔረሰቦች ነው። የከተማው ኪነት ቡድን የየብሔረሰቡን ዘፈን ሊያቀርብ ነው፤ ከሐይቁም አንድ ይፈልጋሉ።

«ጋሽ ሀብቴ» አላቸው፤ ያን ቀን አንተ ሲል የነበረው አንቱ እያለ፣ «እርስዎ ዛይ ነዎት አይደል? እስቲ አንድ ዘፈን ያስተምሩልን።»

ጋሽ ሀብቴ የያዙትን ፋሻ ሳይለቁ፣ «ጨዋታ ነው ብዬ በሕዝብ ፊት መስክሬአለሁ ጓድ። ሐሰተኛ አታድርገኝ» አሉት።

ዘፈኑ ያለ እሳቸው ቀረበ። ሁላችንም ሂዱ ተብለን ሄድን፤ ወንበሬ ከእሳቸው አጠገብ ነበር። ቅርጫት የያዙ ልጃገረዶችና መቅዘፊያ የያዙ ጎረምሶች ወጡ። የሚዘፍኑት አማርኛም ኦሮምኛም አይደለም። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ፣ «ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ምንም አይልም» አሉ። «ራሳቸው የፈጠሩት ነው።»

እሳቸውም ያጨበጭቡ ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሄድነው ወደ ደሴቱ ነው። እኔ ወደ ናዝሬት ልዛወር ነበር። አልማዝ ሁለተኛ ልጅ ወልዳ፣ ለክርስትናው ካልመጣችሁ ብላ ላከች። እትዬ ጥሩነሽ፣ ዘንድሮማ ተሸክሜም ቢሆን እወስዳቸዋለሁ ብለው ማሉ። በኦጎልቾ በኩል ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት ወረድን፤ ከዳር የአልማዝ ባል በታንኳ ተቀበለን። ጋሽ ሀብቴ ከተሳፈርን ጀምሮ ዓይናቸው ውሃው ላይ ነው፤ እጃቸውም ጠርዙ ላይ ከመቅዘፊያው ጋር ይሄዳል።

ስንደርስ የአልማዝ የመጀመሪያ ልጅ፣ ገና አፉን የፈታ ወንድ ልጅ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ እየሮጠ መጣ። ጋሽ ሀብቴ ፊት ቆሞ ቀና ብሎ አያቸውና አንድ ነገር ጠየቃቸው። በዛይኛ። ጥርት አድርጎ፣ ሌላ ቋንቋ በዓለም ላይ መኖሩን ገና ያልሰማ ልጅ እንደሚናገረው።

ሁላችንም ቆምን። አልማዝ ሕፃኑን ታቅፋ አባቷን ታያለች። ጋሽ ሀብቴ ዝቅ አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አፋቸው ተከፈተ፤ ከንፈራቸው የሆነ ቅርጽ ያዘ። ተመልሶ ተዘጋ። እንደገና ተከፈተና፣ «ደህና ነህ ወይ፣ የእኔ ልጅ?» አሉት፤ በአማርኛ።

ልጁ ወደ እናቱ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። የቆሙት ሰዎች ሳቁ፤ በክፋት አልነበረም። እትዬ ጥሩነሽ ጎንበስ ብለው ልጁን አቅፈው በዛይኛ መለሱለት፤ እየተሳሳቱ ይሆናል፣ ልጁ ግን ተቀበላቸው፤ እጃቸውን ይዞ እየለፈለፈ ወሰዳቸው። ጋሽ ሀብቴ እንዳጎነበሱ ቀሩ።

«ምን አለ?» አልኳት አልማዝን።

ሕፃኑን አስተካክላ አቀፈች። «‹ይሄ እንግዳ ምን ይላል?› ነው ያለው» አለች።

ሁለት ቀን ቆየን። ክርስትናው አማረ። ጋሽ ሀብቴ ሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ሲስቁ ይስቃሉ፤ ሲያናግሯቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አልማዝ ስትሸኘን አባቷን አንገታቸውን አቅፋ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻቸውም።

ዳር ስንደርስ የአልማዝ ባል ገመዱን አስሮ፣ ከውሃው ወጥቶ መሬት እንደረገጠ፣ ለገበያ ከመጡት ሰዎች ጋር በኦሮምኛ ይሳሳቅ ጀመር። አንድ እርምጃ በፊት ከጓደኛው ጋር በዛይኛ ነበር የሚያወራው። ጋሽ ሀብቴ ዓይናቸውን ከእሱ ሳይነቅሉ፣ «ያውቅበታል» አሉ።

«ልጁም ይናገራል ጋሽ ሀብቴ» አልኳቸው፤ ላጽናናቸው ፈልጌ። «አልጠፋም እኮ።»

«አይጠፋም። ማን ያጠፋዋል? እኔ የለሁበትም እንጂ ይኖራል።» ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የእኔ ስሕተት ምን መሰለሽ፣ ሲስተር? ሐይቅ በሌለበት ደሴት ሠራሁ።»

አውቶቡሱ መጣ። በመስኮቱ በኩል አስቀመጥናቸው። እስከ አሰላ ድረስ ዳገቱን ስንወጣ ዝናብ ያዘን፤ እትዬ ጥሩነሽ መስታወቱን ዘጉላቸውና ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉላቸው።